ጊታ «ፍሬውን አትሻ» ሲል ደመወዝተኛውን ምን ማለቱ ነው?

የስፌት መስመር ኃላፊዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣

በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ጥቂት ጎረቤታሞች እሑድ ከሰዓት በኋላ በብሎካችን ኮሚናል ውስጥ እየተሰበሰብን ብሀጋቫድ ጊታ የተባለውን የሂንዱ ቅዱስ መጽሐፍ እናነባለን። ከመካከላችን ሃይማኖቱን ሊለውጥ ያሰበ ሰው የለም፤ አብዛኞቻችን ከቅዳሴ ተመልሰን ነው የምንገናኘው፣ አንዲት ሙስሊም እህትም አለችን። ዓላማችን ሰው ሥራውን፣ ግዴታውንና የገዛ ልቡን እንዴት ይዞ መኖር እንዳለበት ሌላ ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት ያሰላሰለውን መረዳት ነው። አንዱ ከእንግሊዝኛው ትርጉም ያነብባል፣ ሌላው በአማርኛ ያስረዳል፣ ከዚያ ክርክሩ ይቀጥላል። አንዳንድ ጎረቤቶች ግን «የባዕድ አምልኮ መጽሐፍ በሰንበት ይነበባል ወይ?» እያሉ ማጉረምረማቸው አልቀረም።

መጽሐፉን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልግለጽ። ጊታ ማሃባራታ በተባለው ታላቅ የሳንስክሪት የጀግንነት ግጥም 6ኛ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ፣ በ18 ምዕራፎችና በ700 ስንኞች የተጻፈ ምልልስ ነው። ለዙፋን የተጣሉ የአንድ ቤተ ዘመድ ልጆች በኩሩክሼትራ ሜዳ ለጦርነት ተሰልፈው ሳለ፣ ዝነኛው ቀስተኛ አርጁና በወዲያኛው ሰልፍ አያቱን፣ መምህሩንና የአጎቱን ልጆች ያያል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቱን ይጥላል፣ «አልዋጋም» ብሎም ከሠረገላው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና የሚሰጠው መልስ ነው፤ ይህ ሠረገላ ነጂ አምላክ መሆኑን እየቆየ ይገልጥለታል።

ጥያቄዬ የሚነሣው ከምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ነው። ሐሳቡ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ መብትህ በሥራህ ላይ እንጂ በፍሬው ላይ አይደለም፤ የሥራህ ምክንያት ፍሬው አይሁን፤ ሥራን ወደ መተውም አታዘንብል። እኔ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የአንድ መስመር ሱፐርቫይዘር ነኝ። በመስመሬ ያሉት ልጆች የዕለቱን ታርጌት ሲሞሉ የሚከፈላቸው ማበረታቻ ስለ ዘገየባቸው ቅሬታ አቅርበው ነበር። በዚያው ሰሞን ለሁላችንም ስልጠና ተሰጠና አሰልጣኙ ይህንኑ ቃል፣ ከየት እንደ መጣ ሳይናገር፣ በግድግዳው ላይ አብርቶ «ሥራችሁን ሥሩ፣ ውጤቱን አታስቡ፤ የደስታ ምሥጢር ይህ ነው» አለን። ልጆቹ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን በአድናቆት ያነበብኩት ቃል ቅሬታ ማፈኛ ሲሆን ካየሁ ወዲህ መጽሐፉን እንደ ቀድሞው ማንበብ አቅቶኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ጊታ በእርግጥ የሚለው ይህንን ነው? ደግሞስ በየሰዓቱ ስንት ሸሚዝ እንደ ወጣ ቆጥሮ ለአለቃው የሚያሳውቅ ሰው ውጤትን ሳያስብ እንዴት ሊሠራ ይችላል? በአገራችን «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል፤ የእኛ አባባል ፍሬውን ከሠሪው ጋር ሲያስር ጊታ የሚፈታው ይመስላል።

ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)፦

እህቴ፣ ጥያቄዎ የመጽሐፉን እምብርት የነካ ስለሆነ መልሴ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ ቃሉን ማን ለማን እንደ ተናገረው ይታይ። ክሪሽና በዚህ ጦርነት መሣሪያ ላያነሣ ቃል የገባ ሰው ነው፤ የሚጨብጠው የፈረሶቹን ልጓም ብቻ ነው። የሚዋጉለት ዙፋን የእርሱ አይሆንም፣ አርጁና እንዲተወው የሚነግረው ፍሬም ወደ እርሱ ጎተራ አይገባም። «ፍሬውን አትሻ» የሚለው ቃል ምክር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ያንኑ ቃል ፍሬውን ይዞ የዘገየ ወገን ወይም ወኪሉ ሲናገረው ምክርነቱ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በክፍያ ላይ የሚደረግ ድርድር ነው፣ ያውም አንደኛው ወገን እንዳይናገር የተደረገበት ድርድር።

የአድማጩም ሁኔታ የተለየ ነው። አርጁና የድካሙን ዋጋ የጠየቀ ሠራተኛ አልነበረም። እግሩን ያሰረው የውጤት ስሌት ነው፤ በምዕራፍ 2 ቁጥር 6 ማሸነፍ ይሻለን ወይስ መሸነፍ፣ የትኛው እንደሚበጅ አናውቅም ይላል። ማሸነፉም መሸነፉም አስፈሪ ስለ ሆነበት እጁ ከሥራ ወጥቷል። ክሪሽና ፍሬውን ተወው የሚለው ይህን የታሰረ እጅ ለመፍታት ነው፤ ለዚህም ነው የቁጥሩ የመጨረሻ ክፍል ሥራ መፍታትን የሚከለክለው። አሰልጣኙ ቁጥሩን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ አምጥቷል ማለት ይቻላል፤ ልጆቹ ሥራ አልተውምና፣ ቃሉ የሚያክመው በሽታ በእነርሱ ዘንድ አልነበረም።

አሁን ወደ ምዕራፍ 3 ይለፉ። ቁጥር 12 የተሰጠውን ተቀብሎ ምላሹን ሳይሰጥ የሚበላውን ሰው ያለ ምንም ማለሳለስ ሌባ ይለዋል፤ ቁጥር 13 ደግሞ ለራሳቸው ብቻ የሚያበስሉ ሰዎች የሚበሉት ኃጢአትን ነው ይላል። በቦታው የተነገረው ስለ አማልክትና ስለ መሥዋዕት መሆኑን አልሸሽግም። ይሁን እንጂ ቁጥር 14ና 15 እህል ከዝናብ፣ ዝናብ ከመሥዋዕት፣ መሥዋዕት ከሥራ እንደሚገኝ ሲተርኩ፣ ቁጥር 16 ይህን ሁሉ እንደሚዞር መንኰራኵር አድርጎ ያየውና ዙሩን የማይቀጥለው ሰው በከንቱ ይኖራል ይላል። ሠርቶ ያስረከበ ሰው ዙሩን ቀጥሏል። ዙሩን ያቆመው የተቀበለው ወገን ነው፤ መጽሐፉ ሌባ የሚለውም እርሱን ነው።

በእኔ አስተያየት ግን የአሰልጣኙን ንባብ ከሥሩ የሚነቅለው ምዕራፍ 18 ነው። እንደምታውቁት ጊታ የተፈጥሮን ባሕርያት ሦስት አድርጎ ይከፍላል፦ ሳትቫ የብርሃንና የጥራት፣ ራጃስ የፍላጎትና የሩጫ፣ ታማስ የጨለማና የድንዛዜ ባሕርይ ነው። በምዕራፍ 18 ሥራ ራሱ በእነዚህ ሦስት ሚዛን ይመዘናል። በቁጥር 25 የታማስ ሥራ የተባለው የትኛው ነው? ምን እንደሚያስከትል፣ ምን እንደሚያጠፋ፣ ማንን እንደሚጎዳ፣ የሠሪው አቅምም ይችለው እንደ ሆነ ሳይታሰብ በድንግዝግዝ የሚጀመረው ሥራ ነው። «ውጤቱን አታስቡ» የሚለው የስልጠናው ቃል እንግዲህ ጊታ ዝቅተኛ ብሎ ከሚነቅፈው የሥራ ዓይነት ጋር አንድ ነው። ከፍተኛ የተባለው ሠሪ በቁጥር 26 የተገለጸው ነው፤ እርሱ ጽናትና ትጋት አለው፣ «እኔ፣ እኔ» አይልም፣ ሲሳካለትም ሳይሳካለትም አይናወጥም።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ ቅርብ ነው፤ ሸሚዙን ይቁጠሩ። መቁጠር የሥራው አካል ነው፣ ምዕራፍ 2 ቁጥር 50ም ዮጋን፣ ማለትም ጊታ የሚያስተምረውን ራስን የመግዛት መንገድ፣ በሥራ ላይ የሚገለጥ ብልኀት ይለዋል። ታርጌቱ ሲጎድል ልብዎ አብሮ ከጎደለ፣ ሲሞላም ልብዎ ከተነፋ፣ ያን ጊዜ ታስረዋል። ማበረታቻው እንዲከፈል በአግባቡ መጠየቅም ከዚህ ጋር አይጋጭም፤ ለመስመሩ ልጆች መናገር የኃላፊነትዎ ክፍል ነውና፣ ጥያቄውን ራሱን እንደ ግዴታ አቅርበው ምላሹ ቢዘገይ እንቅልፍ አለማጣት ነው የጊታ መንገድ።

ስለ ጎረቤቶችዎ ጉርምርምታ በቅንፍ አንድ ነገር ልበል። የህንድ ጥበብ በአገራችን የሃይማኖት ሰዎች እጅ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም በ1553 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት የበርለዓምና የይዋሴፍ ታሪክ፣ መነሻው የቡድሃ የሕይወት ታሪክ እንደ ሆነ ሊቃውንት ይስማሙበታል፤ በብዙ ቋንቋዎች ሲያልፍ የክርስቲያን መልክ ይዞ ነው ለእኛ የደረሰው። አንብቦ መመርመርና ማምለክ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እጨጌው ሳያውቁት አልቀሩም።

ባለ ሱቁ (ኮዬ ፈጬ)፦

ሁሉም ጥሩ ተብሏል፤ ነገር ግን ሰው ፍሬ ሳይሻ እየሠራ የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልለታል? ይህ ትምህርት ለመነኮሳት የተጻፈ ይመስለኛል።

ነርሷ (ለገጣፎ)፦

ወንድሜ ባለ ሱቁ፣ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። መነኩሴ ልሁን፣ ለምኜ ልብላ ያለው አርጁና ነው፤ ይህንንም በምዕራፍ 2 ቁጥር 5 በግልጽ ተናግሮታል። ክሪሽና የሚከለክለው እርሱን ነው። በምዕራፍ 3 ቁጥር 8 ደግሞ ያለ ሥራ የገዛ ሰውነትህን እንኳን ማኖር አትችልም ይለዋል። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ በዚያ ውስጥ ይገባሉ።

ጋሼ መምህር ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ የእኔ ቃል ስለ ዕለት ኑሮው ነው። ጊታን የማነበው ለፍልስፍናው ርቀት ሳይሆን አእምሮን ስለሚያጠናበት ጥንቃቄ ነው። በምዕራፍ 2 ቁጥር 62ና 63 ያለውን ሰንሰለት ልብ ብላችሁ አንብቡት፦ ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ሲያስብ ይጣበቅበታል፤ ከመጣበቁ ምኞት ይወለዳል፣ ምኞቱ ሲታገድ ቁጣ ይመጣል፣ ከቁጣ ግራ መጋባት፣ ከግራ መጋባት መዘንጋት፣ ከመዘንጋትም የማስተዋል መጥፋት ይከተላል። ከሥራ ባልደረባ ጋር የተጣላሁባቸውን ቀኖች ወደ ኋላ ብከታተላቸው ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከመጀመሪያው ቀለበት ነው፤ ጠቡ ከመነሣቱ ብዙ ሰዓት አስቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ነገሩን ሳመላልሰው ቆይቻለሁ። ቁጣውን ቁጣው ላይ ስደርስ ልያዘው ብል አይያዝም። ማሰላሰሉን ግን ማቋረጥ ይቻላል፣ ያውም በልምምድ።

ልምምድ የሚለውን ያለ ምክንያት አላነሣሁም። በምዕራፍ 6 አርጁና አእምሮ እንደ ነፋስ አይጨበጥም ብሎ ያማርራል፤ ክሪሽናም አይደለም አይለውም። ያስቸግራል፣ እውነት ነው፤ ግን በልምምድና ባለመጣበቅ ይያዛል ይለዋል። በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 16ና 17 ደግሞ ከመጠን በላይ የሚበላም፣ ጭራሽ የማይበላም፣ እንቅልፍ የሚያበዛም፣ የማይተኛም ይህ መንገድ አይሳካለትም ይላል። የማታ ተረኛ ሆኖ ለሚያድር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ጾምን ከጽድቅ፣ እንቅልፍ ማጣትን ከትጋት ጋር አስተሳስረን ያደግን ሰዎች ነንና፣ ልክን መጠበቅ ራሱ መንፈሳዊ ሥራ ነው የሚል መጽሐፍ ማንበብ ያስገርማል።

አለመጣበቅ ግን ልብ መድረቅ እንዳይመስላችሁ። በሽተኛው ባረፈ ቁጥር አብራ የምትሰበር ነርስ ለሚቀጥለው በሽተኛ መድኃኒቱን በትክክል መስጠት ያቅታታል፤ ምንም የማይሰማት ደግሞ ትኩሳቱን ሳትለካ ታልፈዋለች። ሁለቱም ስሕተት የሚመነጨው ሥራውን ከራስ ስሜት አንጻር ብቻ ከማየት ነው። የታማሚው መዳን በእኔ እጅ ብቻ ያለ አይደለም፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መስጠት ግን በእኔ እጅ ነው፤ ምዕራፍ 2 ቁጥር 47ን የማነበው በዚህ መንገድ ነው።

ተጠራጣሪው (አያት)፦

የተከበሩ መምህር ጊታን በደንብ አጥበው አቅርበውልናል። የታጠበበትን ውሃ ግን የሚያሳየን አልተገኘም።

አርጁና የተጠየቀው ሸሚዝ እንዲቆጥር አይደለም፤ ዘመዶቹን እንዲገድል ነው። ፍሬውን ሳያይ እንዲገድል። ክሪሽና ከሚያቀርባቸው ምክንያቶች አንዱም በምዕራፍ 2 ቁጥር 19ና 20 ያለው ነው፤ ነፍስ አትገደልም፣ አትወለድም፣ አትሞትም ይላል። እንዲህ ያለ ትምህርት ወታደር ለሚልክ መንግሥት እንዴት እንደሚመች ለማስረዳት ረጅም ጽሑፍ አያስፈልግም። ጋንዲ በለንደን የሕግ ተማሪ ሳለ ይህን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አንብቦ ኋላ «ጦርነቱ በልብ ውስጥ ያለ ነው» ብሎ የሰላማዊ ትግሉ መመሪያ አደረገው፤ በ1948 ጋንዲን በጥይት የገደለው ሰውም ጊታን የሚያከብር ሂንዱ ነበር። ሁለቱም ከአንድ መጽሐፍ ነው የተማሩት።

ከዚህ የሚከብደው ግን የሥራ ክፍፍሉ ነገር ነው። በምዕራፍ 3 ቁጥር 35 የራስህን ግዴታ እያጎደልክም ቢሆን መሥራት የሌላውን አሳምረህ ከመሥራት ይሻላል ይላል፤ ምዕራፍ 18 ቁጥር 47 ይህንኑ ይደግመዋል፣ ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥር 41 እስከ 44 ደግሞ የአራቱን መደቦች ሥራ ይዘረዝራሉ። ለካህኑ ዕውቀት፣ ለጦረኛው ጀግንነት፣ ለሦስተኛው እርሻና ንግድ፣ ለመጨረሻው ሌሎችን ማገልገል። የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመሩት፣ ከማይነኩ ከተባሉት ወገን የተወለዱት አምቤድካር ጊታን የዚህ ሥርዓት የፍልስፍና ምሰሶ አድርገው የተቹት፣ በ1956ም ሂንዱነትን ትተው ወደ ቡድሂዝም የገቡት በከንቱ አልነበረም። ስለዚህ አሰልጣኙ መጽሐፉን አላነበበውም የምትሉ እናንተ፣ ምናልባት ከሁላችሁም በላይ በሚገባ አንብቦት ይሆናል። ሎሌ ሆይ፣ በቦታህ ሆነህ አገልግል፣ ፍሬውን አትጠይቅ፤ የመጽሐፉ ቃል ከዚህ በጣም ይርቃል?

ጡረተኛ መምህር (ሰበታ)፦

ወንድሜ፣ የጠቀሷቸው ቁጥሮች በሙሉ በመጽሐፉ ውስጥ አሉ፤ የሉም የሚል ሰው ጊታን አልያዘም። አምቤድካርን አንብቦ ሳይናወጥ የሚቀር የጊታ ወዳጅም ያለ አይመስለኝም። ስለ ምዕራፍ 18 ዝርዝር ጥብቅና አልቆምም።

የምጨምረው ሌላው ቁጥርም መታየት አለበት የሚለውን ነው። ምዕራፍ 4 ቁጥር 13 አራቱ መደቦች በባሕርይና በሥራ እንደ ተከፈሉ ይናገራል፤ ልደትን አይጠቅስም። ተሟጋቾች ይህን ይዘው ለውጥ ፈላጊ ሆነዋል፣ ተቃዋሚዎችም ባሕርይ ራሱ ከልደት ይመጣል ተብሎ ሲተረጎም ኖሯል ብለው ይመልሳሉ፤ ሁለቱም ወገን መሠረት አለው። ምዕራፍ 5 ቁጥር 18 ግን ጠቢብ የተማረውን ብራህማን (የካህናቱን መደብ ሰው)፣ ላሟን፣ ዝሆኑን፣ ውሻውንና ከሁሉ የተናቀውን ሰው በአንድ ዓይን ያያል ይላል። ከዚህ ጎን ምዕራፍ 18ን ሲያኖሩት መጽሐፉ ከራሱ ጋር የሚከራከር ይሆናል።

ለዚህም ነው አንድ ነጠላ ንባብ ያልጸናው። ከህንድ ሊቃውንት ሻንካራ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ዕውቀት፣ ራማኑጃ ከእርሱ በኋላ ወደ አምልኮ ፍቅር ወስደውታል፤ በበርማ ማንዳላይ ታስሮ የጻፈውን ሐተታ በ1915 ያሳተመው የህንድ ነፃነት ታጋይ ቲላክ ደግሞ ዋናው ነገር ሥራ ነው ብሎ ከቅኝ ገዥዎች ጋር ለሚታገሉት ሰጥቷቸዋል። አንድምታ ለለመደ የእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንም፤ «አንድም» እያሉ ብዙ ፍች ማስቀመጥ ንባቡን ማላላት እንዳልሆነ ያውቃል። ክሪሽና ራሱ በምዕራፍ 18 ቁጥር 63 ሁሉን ከተናገረ በኋላ ይህን በሙሉ መርምር፣ ከዚያም እንደ ወደድህ አድርግ ይለዋል። አሰልጣኙ ለልጆቹ ያልሰጣቸው ይህን ነው፤ ጥያቄ እንዲጠይቁም አልተፈቀደላቸውም።

የስፌት መስመር ኃላፊዋ (ቱሉ ዲምቱ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ መምህር፣ የሰጡኝን ምዕራፍ 3 ቁጥር 12ና ምዕራፍ 18 ቁጥር 25 ከምዕራፍ 2 ቁጥር 47 ጎን በአንድ ወረቀት ጽፌ ለቡድናችን አባዝቻለሁ። ለፋብሪካውም ስለ ማበረታቻው ደብዳቤ እያዘጋጀሁ ነው፤ በደብዳቤው ውስጥ ጊታን አልጠቅስም፣ የሞላንባቸውን ታርጌቶችና ያልተከፈለባቸውን ወራት ብቻ እዘረዝራለሁ። ምላሹን ሳልጠብቅ እንቅልፍ ይወስደኛል ብዬ ግን አልዋሽም፤ እህቴ ነርሷ ያለችው ልምምድ ገና ይቀረኛል።

ተጠራጣሪው ወንድሜ ያነሡት ግን በቀላሉ የሚመለስ አይመስለኝም፣ በእኛ መካከልም እንዲህ አድርጎ የሚሞግት ሰው የለም። ከአያት ቱሉ ዲምቱ ሩቅ ቢሆንም እሑድ አንድ ቀን ቢመጡልን ሻይ ቡናው ከእኛ ነው።

ተጠራጣሪው (አያት)፦

እመጣለሁ። ምዕራፍ 18 ከቁጥር 41 እስከ 48 ምንም ሳይዘለል ጮክ ተብሎ እንዲነበብ ግን ከወዲሁ ይመዝገብልኝ፤ የሚያነብበውም ሰው ንባቡን እስኪጨርስ ድረስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 18ን እንዳይጠቅስብኝ።